ለአስጋሪዎች ስብሰባ ንግግር እያዘጋጀሁ ነው፤ በስሜት ልጀምር ወይስ በማስረጃ?

ጣና_ዳር
ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ያለሁት ባሕር ዳር ነው። የተማርኩት ዓሣ ሀብት ነው፤ አሁን ከአንድ የአስጋሪዎች ማኅበር ጋር እሠራለሁ። ክረምቱ ሳይገባ አባላቱ ስብሰባ አላቸው። እኔም እንድናገር ዕድል ተሰጥቶኛል። ጉዳዬ አንድ ነው፦ በክረምት፣ ወንዞቹ ጣና የሚገቡበት አፍ ላይ መረብ መጣል ይቁም።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ነጭ ዓሣ የምንለው ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያ አለው። አብዛኞቹ ከጣና ውጭ የትም አይገኙም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውሃ የሚያልፍበት ጠጠር ላይ ነው። ከመውጣታቸው በፊት ግን ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ያኔ እዚያ መረብ የጣለ ሰው ጥሩ ይይዛል። የሚይዘው ግን እንቁላል የተሸከመችውን ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ ለመራባት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል።

የረቂቄ መግቢያ ይኸውላችሁ፦

«የተከበራችሁ የስብሰባው ተሳታፊዎች፣ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ከ1980ዎቹ ጀምሮ በጣና ሐይቅ ላይ ያለው የነጭ ዓሣ ክምችት በከፍተኛ ሁኔታ ቀንሷል። ስለሆነም ሁሉም ባለድርሻ አካላት ለሀብቱ ዘላቂ አጠቃቀም የበኩላቸውን ሊወጡ ይገባል።»

አንዷ ጓደኛዬ «ይሄ ሰው ያስተኛል፤ ልጆቻችሁ ይራባሉ ብለሽ አስለቅሻቸው» አለችኝ። ሌላው ደግሞ «ቁጥር ብቻ ስጪ፣ ስሜት ውስጥ አትግቢ» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የፔዳ_መምህር
እንኳን ጠየቅሽ። ይህን ትምህርት ስለማስተምር ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ንግግር ጥበብ ሲጽፍ ሰውን በቃል ማሳመኛ መንገዶችን በሦስት ከፍሏቸዋል። ኢቶስ የሚመጣው ከተናጋሪው ነው፤ ይህ ሰው ይታመናል ወይ የሚለው ነው። ፓቶስ አድማጩ ልብ ውስጥ የሚነሳው ስሜት ነው። ሎጎስ ነገሩ ራሱ የቆመበት ምክንያትና ማስረጃ ነው። ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ተምሮታል። ከዚያ ግን ሦስቱን እንደ ወጥ ቅመም ያያቸዋል፤ ከዚህ ቆንጠር፣ ከዚያ ቆንጠር። ያንቺም ጓደኞች የተከራከሩት የትኛው ይብዛ በሚል ነው።

እኔ ረቂቅሽ ውስጥ ሦስቱንም አላገኘሁም። «በከፍተኛ ሁኔታ» ማስረጃ አይደለም፣ ማስረጃ ይመስላል እንጂ። «ጥናቶች እንደሚያመለክቱት» ሲባል ማን አጠና? የት ላይ ቆሞ? ፊትሽ የሚቀመጠው ሰው ሌሊቱን ሐይቅ ላይ የሚያድር ነው። መረቡ ድሮ ምን ይዞ ይወጣ እንደነበር፣ ዛሬ ምን ይዞ እንደሚወጣ ከማንም በላይ ያውቃል። የሚያውቀውን ነገር እሱ በማያውቀው ቋንቋ ነው የምትነግሪው።

አሁን ወደ ኢቶስ ልምጣ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው። አርስቶትል እምነቱ መምጣት ያለበት ከንግግሩ ከራሱ ነው ይላል። ሰው ስለ ተናጋሪው አስቀድሞ የያዘው ስም አይቆጠርም። የሚታመነው ደግሞ በሦስት ነገር ነው፦ ነገሩን የሚያስተውል መሆኑ፣ ጠባዩ መልካም መሆኑ፣ ለአድማጩ በጎ የሚያስብ መሆኑ። ዲግሪሽ ለመጀመሪያው ይረዳሻል። ለሦስተኛው አይረዳሽም። አስጋሪው «ይቺ ልጅ የምታስበው ለዓሣው ነው ወይስ ለእኔም ጭምር?» ብሎ ነው የሚያይሽ። ለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች መልስ ካላገኘ የቀረውን አይሰማሽም።

ቀጥ_ያለ
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እኔ ፓቶስ የሚባለው ላይ ችግር አለብኝ። ስሜት መቀስቀስ ሰውን ማታለል ነው። ፌስቡክ ላይ በየቀኑ እናየዋለን። የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶ ይለጠፋል፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይጻፋል። ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሰው ይልካል። «አገር ሊጠፋ ነው!» የሚል ሲመጣ ደግሞ ሳያነብ ያጋራል። ስሜት ሲገባ አእምሮ ይወጣል። እህታችን እውነት ይዛለች፤ እውነቱን ትናገር፣ በቃ። የሚሰማ ይሰማል።

የፔዳ_መምህር
@ቀጥ_ያለ፣ ስጋትህ ተገቢ ነው። የሕፃኑን ፎቶ በተመለከተ አንከራከርም። እንዲያውም አርስቶትል ራሱ መጽሐፉን ሲጀምር ዳኛን በቁጣና በርኅራኄ ማጣመምን ይነቅፋል። ኋላ ግን ከሁለተኛው ክፍል ሰፊውን ድርሻ ለስሜት ሰጠው። እኔ የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ስሜቱን የቀሰቀሰው ነገር ውሳኔ የሚሰጥበት ነገር ራሱ ነው ወይስ ከጎን የመጣ ሌላ ነገር? ፎቶው ላይ ያለው ሕፃን ከሒሳቡ ባለቤት ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልታወቀም። ስለዚህ ስሜቱ የተንጠለጠለ ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን ንግግር ላንሳ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆሙ። የተናገሩት በአማርኛ ነው። ገና ሊጀምሩ ሲሉ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች እያፏጩ ረበሹ።

ንግግሩን ቀስ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ የሚያነሱት ማንነታቸውንና የመጡበትን ነው፤ ለሕዝባቸው የሚገባውን ፍትሕና ከስምንት ወር በፊት ቃል የተገባውን እርዳታ ሊጠይቁ። እዚህ ጉባኤ ላይ የአንድ አገር መሪ ራሱ ቆሞ ሲናገር የመጀመሪያው እንደሆነም ይናገራሉ። ይህ ኢቶስ ነው። የዙፋን ክብር ማሳየት ብቻ አይደለም። «ነገሩ እኔን ራሴን እዚህ ያመጣኝ ነው» ማለት ነው።

ከዚያ ስለ መርዙ ይናገራሉ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የክርክራችን መልስ ያለው እዚህ ነው። «ጠላት አረመኔ ነው» ብለው አያልፉም። አውሮፕላኖቹ ላይ መርጫ እንደተገጠመ፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት እየሆኑ እንደተከታተሉ፣ የሚወጣው ጉም እንዳይቋረጥ እንዲህ መደረጉን ይናገራሉ። ከጥር ወር መጨረሻ ጀምሮ ወታደሩ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ከብቱ፣ ወንዙ፣ ሐይቁ፣ የግጦሹ መሬት በዚያ ዝናብ እንደራሰ ይዘረዝራሉ። ይህን ሰምቶ ልቡ የማይነካ የለም። ግን የትኛው ቃል ነው ስሜት፣ የትኛውስ ነው ማስረጃ? ልትለያቸው አትችልም። የአውሮፕላኖቹ ቁጥርና አካሄድ አደጋ ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ መሆኑን ያሳያል። ከብቱና ግጦሹ መጠራታቸው የተመታው ጦር ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ጉባኤው ሊፈርድበት የቀረበለት ነገርም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ማኅበሩ ቃል ኪዳን ይሄዳሉ። አባል አገሮች ምን ብለው እንደፈረሙ፣ 16ኛው አንቀጽ ምን እንደሚያስገድድ። የሚጨርሱት በጥያቄ ነው፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ?

ስሜቱን ከዚያ ንግግር አውጣው። የሚቀርህ የአንቀጽ ቁጥር ነው። እውነቱም አብሮ ይጎድላል፣ ምክንያቱም የሆነው ነገር አሰቃቂ ነበር። አሰቃቂን ነገር ያለ ስሜት መናገር ራሱ አሳንሶ መናገር ነው።

ሰባታሚት
መምህር እግዜር ይስጥልን፣ በጣም ጥሩ ነው። ግን አንድ ጥያቄ። ያ ሁሉ ተነግሮ ማኅበሩ ከቀናት በኋላ በኢጣሊያ ላይ የነበረውን ማዕቀብ ለማንሳት አልወሰነም እንዴ? ታዲያ ንግግሩ ምን ረባ?

የፔዳ_መምህር
ወስኗል። አርስቶትል የዚህ ጥበብ ሥራ በእያንዳንዱ ጉዳይ ማሳመን የሚችለውን ነገር ማየት ነው ይላል፤ ማሸነፍ ዋስትና የለውም። ሐኪምም እንዲሁ ነው ይላል፤ የማይድነውንም በአግባቡ ያክማል። እዚያ የተቀመጡት ብዙዎቹ የመጡት የየመንግሥታቸውን ውሳኔ ይዘው ነበር። ንግግሩ ግን ማኅበሩ ምን እንደካደ በግልጽ መዝግቦ አስቀረ። የእህታችን ስብሰባ ደግሞ እንደዚያ አይደለም። የሚወስኑት እዚያው የተቀመጡት ናቸው።

የሽማግሌ_ወንበር
ልጄ ጣና ዳር፣ እኔ አርስቶትልን አላነበብኩም። ብዙ ዕርቅ ላይ ግን ተቀምጫለሁ።

የኛ አገር ሰው ንግግር አያጣም። በድሮው ሙግት ተከራካሪ «ተጠየቅ»፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባለ፣ ነገሩን በግጥም እያሰረ ችሎት ፊት ይቆም ነበር። ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው። ስለዚህ አስጋሪው ትምህርት ባይኖረውም ጆሮው የተሳለ መሆኑን አትርሺ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል የሰማ ነው።

ዕርቅ ላይ ሽማግሌ መጀመሪያ አይናገርም። ይሰማል። የተበደለውን ያስጨርሰዋል፣ ቢደጋግምም ያስጨርሰዋል። ቀጥሎ «እንዲህ ነው ያልከው?» ብሎ የሰውየውን ነገር ይመልስለታል። ሰውየው «አዎ፣ እንዲያ ነው» ካለ ግማሽ መንገድ ተሄዷል። ምክሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። መምህር «በጎ ማሰብ» ያሉት በኛ ዘንድ ይኼ ይመስለኛል።

አንድ ጊዜ እኛ ዘንድ ባለሙያ መጥቶ ነበር፣ ከየት እንደሆነ ይቅር። ላፕቶፑን ከፍቶ ግድግዳው ላይ ቀይና አረንጓዴ መስመር አሳየን። ቀዩ ይወርዳል፣ አረንጓዴው ይወጣል። ከኋላ አንድ አዛውንት ተነሡና «ልጄ፣ ይሄ መስመር ከየትኛው ባሕር ነው የመጣው?» አሉት። መልሱን ከወረቀት ላይ ሲፈልግ ሰዉ ሹክሹክታ ጀመረ። ስብሰባው እዚያው አበቃ ማለት ይቻላል። ልጁ የያዘው ውሸት አልነበረም። ሰዉ ግን የሚያውቀውን ቦታ፣ የሚያውቀውን ወንዝ አልሰማም።

አንቺ ጉማራ በይ። ርብ በይ። አባትሽም አስጋሪ ከነበረ ተናገሪው። ካልነበረ አትፍጠሪ።

ጣና_ዳር
አባቴ አስጋሪ ነበር፣ አባባ። በደንገል ታንኳ ነው የጀመረው። ረቂቁ ውስጥ ያላስገባሁት ስለ ራሴ ማውራት መስሎኝ ነው።

የሽማግሌ_ወንበር
ስለ እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር በይና እለፊ። ከዚያ በላይ ከሆነ ለቅሶ ይሆናል።

መረብ_ጣይ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አስጋሪ ነኝ። ከስልክ ስለምጽፍ ባጭሩ። የምትሉት ሁሉ ደስ ይላል ግን ስብሰባ ላይ የምንጠይቀውን ልንገርሽ እህት።

አንደኛ፣ ነሐሴ ላይ ልጄ ምን ይብላ? ትምህርት ቤት የሚመዘገበው ከዚያው ቀጥሎ ነው። ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ጫማ።

ሌላው፣ እኔ ብተው ጎረቤቴ ይተዋል ወይ? እኔ መረቤን ሰብስቤ ቤት ስተኛ ሌላው ሌሊት ገብቶ የወንዙን አፍ በመረብ ዘግቶት ያድራል። ያኔ ዓሣውም የለ፣ ብሩም የለ። ብርብራ በትኖ ዓሣ የሚያሰክርም አለ፤ እሱን ማን ነካው? ሁልጊዜ የሚመከረው ሕጋዊው ነው።

ዓሣው መቀነሱን እናውቃለን። እሱን ለማስረዳት ጊዜ አታባክኚ።

ቀጥ_ያለ
የመረብ ጣይን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነቱን ትናገር፣ በቃ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን እውነቱን አስቀድሞ ያውቃል። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

የፔዳ_መምህር
ይሄ ነው ቁልፉ። አርስቶትል ኤንቲሜም የሚለው የመከራከሪያ ዓይነት አለ። ተናጋሪው ምክንያቱን ሁሉ አይዘረዝርም። አንዱን ለአድማጩ ይተወዋል፤ አድማጩ ከራሱ ልብ አውጥቶ ይሞላዋል። «ዓሣዋ እንቁላል ተሸክማለች፤ ስለዚህ አትያዝ» ስትይ መሐል ላይ የተተወ ነገር አለ፦ «እኔ ባልይዛት ከዚያ የምትመጣው ዓሣ ለእኔ ትደርሰኛለች» የሚል። ይህን የሚሞላው አድማጩ ነው። መረብ ጣይ ግን አይሞላውም፤ ጎረቤቱ እንደሚወስዳት ያምናል። ስለዚህ አስጋሪው ግትር ሆኖ ወይም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። መሐሉ ላይ ያለው ድልድይ ስለሌለ ነው የማይሻገረው። ሎጎስሽን ሁሉ እዚያ ላይ አውዪው። ዓሣው ቀነሰ አልቀነሰ የሚለው የተዘጋ ጉዳይ ነው።

ስለ ፍርሃትም አንድ ነገር ልበል፣ «ልጆቻችሁ ይራባሉ» ብላ ለመከረችሽ ጓደኛሽ። ፍርሃት ሰውን ወደ ምክክር ይመራል፤ ግን የመትረፍ ተስፋ ሲኖር ብቻ ነው። ተስፋ በሌለው ነገር ላይ ማንም አይመክርም። ይህም እዚያው ሁለተኛው ክፍል ላይ አለ። «ጣና አለቀለት» ብለሽ ብታስፈራሪ ምን እንደሚከተል አስቢው። ካለቀለት እንግዲህ የቀረውን እኔ ልውሰድ የሚል ይበዛል። ፍርሃቱን ከጠራሽ መውጫውን በዚያው ትንፋሽ ተናገሪ።

ጣና_ዳር
መረብ ጣይ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ከሁሉም በላይ የረዳኝ ያንተ ነው። ትናንት አምሽቼ እንደገና ጻፍኩት። እዩልኝ፦

«እንደምን አመሻችሁ። አባቴ ከዚሁ ሐይቅ ነው ያሳደገኝ፤ በደንገል ታንኳ ጀምሮ። ዛሬ ዓሣው ቀንሷል ብዬ ልነግራችሁ አልመጣሁም። እናንተ ናችሁ ያያችሁት። ድሮ አንድ መረብ የሚያወጣውን ዛሬ ስንት መረብ እንደሚያወጣ ከእናንተ በላይ አውቆ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

«የመጣሁት ስለ ጉማራና ስለ ርብ አፍ ነው። ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣ እዚያ ይሰበሰባል። ሆዷን የከፈተ ሰው የሚያየውን ያውቃል፤ ሙሉ እንቁላል ነው። ያቺ ዓሣ ወንዙን ወጥታ ጠጠሩ ላይ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ወደ ሐይቁ ትመለሳለች። ዐቢይ ጾም ላይ ገበያው ሲሞቅ እዚሁ ናት። ነሐሴ ላይ ካወጣናት ግን እሷም ልጆቿም አበቁ።

«ሐይቁን ዝጉ አላልኩም። ቆሮሶው አለ፣ አምባዛው አለ። የምለው የወንዞቹ አፍ፣ በእነዚያ ሳምንታት ብቻ። አውቃለሁ፣ ያ ወቅት የልጆች መመዝገቢያ ነው፤ ጭንቅ ነው። እኔ ስተው ጎረቤቴ ባይተውስ የሚል ጥያቄም አለ። ለሁለቱም ሐሳብ ይዣለሁ። አንድ፣ ከማኅበሩ ቁጠባ ለመመዝገቢያ የሚሆን ብድር ከሐምሌ ጀምሮ ይከፈት፤ በጾሙ ገበያ ይመለስ። ሁለት፣ አፉን የሚጠብቁት ከውጭ የሚመጡ ሰዎች ሳይሆኑ ከናንተው መሐል የተመረጡ፣ ከየመንደሩ በየተራ ይሁኑ። ብርብራ የሚበትነውም በዚያው ይያዝ። የጎደለውን እናንተ ሙሉ።»

ሰባታሚት
ይሄ ሌላ ንግግር ነው! «የጎደለውን እናንተ ሙሉ» የምትለዋን ወድጄያታለሁ።

ቀጥ_ያለ
«እሷም ልጆቿም አበቁ» የሚለውን ሳነብ የተሰማኝ ነገር አለ፤ ስሜት ነው። ግን አልተታለልኩም። እንቁላሏ እውነት ነው፣ መመለሷም እውነት ነው። የመምህርን መለኪያ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ብድሩን ከመናገርሽ በፊት ከማኅበሩ ሒሳብ ሹም ጋር ተነጋገሪ። ያልተፈቀደ ተስፋ ሰጥተሽ ቢቀር ቀጣዩን ዓመት ማን ያምንሻል?

የፔዳ_መምህር
ቀጥ ያለ ያለው ልክ ነው፤ ኢቶስ የሚፈርሰው እንደዚያ ነው። እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው። «ማንም ሊነግራችሁ አይችልም» ካልሽ በኋላ ትንሽ ዝም በይ። አንድ ሰው ከመሐል ራሱ ይናገራል፤ ተዪው ይናገር። ያ የእሱ ምስክርነት ካንቺ ከአሥር ቁጥር ይበልጣል። ደግሞም ሽማግሌው እንዳሉት ማስጨረስ ነው።

የሽማግሌ_ወንበር
ጥሩ ነው ልጄ። «እንደምን አመሻችሁ» ካልሽ በኋላ ግን አዛውንቶቹን ለይተሽ ሰላም በይ። ከቻልሽም ስብሰባው ሳይደርስ አንድ ሁለቱን ቤታቸው ሄደሽ አማክሪያቸው። ያልተማከረ ሽማግሌ ስብሰባ ላይ ይከብዳል።

መረብ_ጣይ
ጥሩ ሆኗል እህቴ። ሁለት ነገር ላስተካክልልሽ። የጠባቂውን ነገር ከብድሩ በፊት አድርጊው። ሰዉ መጀመሪያ «ሌላውስ?» ነው የሚለው፤ ያ ካልተዘጋ ብድሩን እንደ ማባበያ ያየዋል። ሌላው፣ ጉማራና ርብ ብቻ ካልሽ በዚህ በኩል ያለነው «እኛን አይመለከትም» እንላለን። ግልገል ዓባይን ጨምሪ።

ጣና_ዳር
እሺ፣ ጠባቂው ወደ ላይ ይወጣል። ግልገል ዓባይንም ጨምሬያለሁ። ነገ ሒሳብ ሹሙን አነጋግራለሁ፤ አዛውንቶቹን ደግሞ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። መረብ ጣይ፣ ስብሰባው ላይ ካለህ «ጎረቤቴ ባይተውስ?» የሚለውን አንተ ብትጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ካንተ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

መረብ_ጣይ
እኖራለሁ። እጠይቅሻለሁ፤ ግን መልሱ ካላጠገበኝ ደግሜ እጠይቃለሁ።